ክራኮውን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ፖላንድ የምትገኘውን ጥንታዊቷን ክራኮው በአውሮፓ ጉዟቸው ውስጥ ለማካተት የሚያስቡ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ፤ ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክራኮው በምን ትታወቃለች? ዋርሶን ካየሁ አይበቃኝም?

ክራኮው በቪስዋ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት የፖላንድ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ለብዙ ዘመናት የነገሥታቱ መቀመጫ የነበረችው እርሷ ስትሆን፣ ንጉሥ ዚግሙንት ሣልሳዊ ቤተ መንግሥቱን ወደ ዋርሶ ካዛወረ በኋላ እንኳ የፖላንድ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑትም፣ ሲሞቱ የሚቀበሩትም በአብዛኛው እዚሁ ነበር። ንጉሥ ካዚሚየዥ ታላቁ በ1364 የመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ኮፐርኒከስ ከ1491 ጀምሮ የተማረበት ነው።

ዋርሶን ማየት የክራኮውን ቦታ አይተካም። ጀርመኖች ከ1944ቱ ሕዝባዊ ዐመፅ በኋላ ዋርሶን ሆን ብለው ስላፈረሷት፣ ዛሬ በዚያ የሚታየው አሮጌ ከተማ ከጦርነቱ በኋላ ዳግም የታነጸ ነው፤ ሥራው ራሱ የሚደነቅ ቢሆንም። ክራኮውን ግን ጀርመኖች የወረራ አስተዳደራቸው ማዕከል አድርገዋት ስለነበርና በጥር 1945 ከተማዋን ሲለቁ ውጊያው ከተማ አውዳሚ ስላልነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኖቿ፣ ግንቦቿና መንገዶቿ በአብዛኛው እንደ ጥንቱ ቆመዋል። ሕንፃዎቹ ተርፈው ከነዋሪዎቹ ሩብ ያህሉ የጠፉባት ከተማ መሆኗን ግን ጎብኚው ከመጀመሪያው ማወቅ ይኖርበታል፤ ከዚህ በታች ካዚሚየዥ ስለሚባለው የአይሁድ ሰፈር የተጻፈው ይህንኑ ያብራራል።

ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የክራኮው አሮጌ ከተማና በአቅራቢያዋ ያለው የቪየሊችካ የጨው ማዕድን ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ከሰሜን ተራሮች ጋር በአንድ መዝገብ መስፈራቸው ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚያስደስት እውነታ ነው።

ወደ ክራኮው ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገኛል?

ፖላንድ የሸንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ አባል በመሆኗ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ማውጣት አለበት። ማመልከቻው የሚቀርበው በጉዞው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ የቀኑ ብዛት እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይቀርባል። ስለዚህ 6 ቀን ሮም፣ 3 ቀን ደግሞ ክራኮው ለመቆየት ያሰበ ሰው የሚያመለክተው ለጣሊያን እንጂ ለፖላንድ አይደለም፤ ይህንን መሳሳት ማመልከቻን በከንቱ ያስመልሳል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን የሚጠየቅ ሲሆን ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል።

በጀርመን፣ በስዊድን፣ በጣሊያን ወይም በሌላ የሸንገን አገር የሚኖሩና የጸና የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ግን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመጎብኘት ሌላ ቪዛ አያስፈልጋቸውም። በተቃራኒው የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር ይዞ መቅረብ ቪዛውን አያስቀርም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባሉ።

ስንት ቀን ይበቃል?

ሦስት ሙሉ ቀን ጥሩ ነው፤ አራት ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ይሆናል። አንዱን ቀን ለአሮጌው ከተማና የነገሥታቱ ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ላሉበት ለቫቬል ኮረብታ፣ ሁለተኛውን ለካዚሚየዥና ከወንዙ ማዶ ላለው ለፖድጉዤ፣ ሦስተኛውን ለቪየሊችካ ወይም የናዚዎች የሞት ካምፕ ለነበረው ለኦሽቪትዝ መመደብ ተገቢ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከከተማው ባይወጣ ይመከራል፤ ግማሽ ቀኑን በአውቶቡስ ላይ አሳልፎ አሮጌውን ከተማ በምሽት መብራት ብቻ አይቶ መመለስ ያስቆጫል።

ከአየር ማረፊያው እንዴት ይገባል? በከተማው ውስጥስ በምን ይኬዳል?

በዳግማዊ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ስም የተሰየመው አየር ማረፊያ ከከተማው በስተ ምዕራብ ባሊጼ በተባለ ቦታ ይገኛል። ከዚያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ድረስ ባቡር የሚወስደው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከዋርሶ የሚመጣ ሰው በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጓዛል። ከባቡር ጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ያለው መንገድ ሻንጣ እየጎተቱም ቢሆን በእግር የሚዘለቅ ነው።

አሮጌው ከተማ በእግር የሚታይ ሲሆን ራቅ ላለው ቦታ ትራም አለ። ትኬቱ የሚሸጠው በደቂቃ ልክ ነው፤ ከገዙ በኋላ ትራሙ ውስጥ ባለው ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገብተው ሰዓቱን ማስመታት የግድ ነው። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ስለሚቆጠርና ተቆጣጣሪዎቹም እንደ ተራ ተሳፋሪ ለብሰው ስለሚሳፈሩ፣ ብዙ የውጭ ሰው የሚቀጣው ትኬት ኪሱ ውስጥ እያለ ነው።

በዩሮ መክፈል ይቻላል?

ፖላንድ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የምትገበያየው በራሷ ገንዘብ፣ በዝሎቲ ነው። በካርድ መክፈል በሁሉም ቦታ የተለመደ በመሆኑ ብዙ ጥሬ ገንዘብ መያዝ አያስፈልግም። ገንዘብ የሚመነዝሩ ሰዎች «ካንቶር» በሚባሉት የምንዛሪ ቤቶች የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን አነጻጽረው ይመልከቱ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ «ኮሚሽን የለም» የሚለው ማስታወቂያ ትርጉም የለውም። የገንዘብ ማውጫ ማሽን ወይም የካርድ ማንበቢያ ሒሳቡን በአገርዎ ገንዘብ ልስላልዎ ብሎ ሲጠይቅ «በዝሎቲ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሌላው ምርጫ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያስከስራል።

በየትኛው ወቅት ብሄድ ይሻላል?

ከግንቦት እስከ መስከረም አየሩ ምቹ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን አደባባዩ በሰው ይጨናነቃል። ግንቦትና መስከረም በእኛ አስተያየት ከሁሉም ይበልጣሉ። በክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀኑም አጭር በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል። የቤት ማሞቂያ ጭስ ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ዋና ችግር ስለነበር ከመስከረም 2019 ጀምሮ በከተማዋ ክልል ውስጥ ከሰልና እንጨት ማንደድ ተከልክሏል፤ ሆኖም አስም ያለበት ሰው በክረምት የአየሩን ጥራት በየዕለቱ ቢከታተል መልካም ነው።

ለታኅሣሥ የሚደላ አንድ ምክንያት ግን አለ። በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ የከተማዋ ሰዎች ልደተ ክርስቶስን የሚያሳዩ፣ በአንጸባራቂ ባለ ቀለም ወረቀት የተለበጡና የክራኮውን አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት የሚመስሉ ትናንሽ ቤቶች ሠርተው በዋናው አደባባይ ለውድድር ያቀርባሉ። ልማዱ በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

በዋናው አደባባይ ምን ምን ይታያል?

ከተማዋ በ1241 በሞንጎሎች ወረራ ከተቃጠለች በኋላ በ1257 አዲስ የከተማ ሕግ ሲሰጣት፣ ጎኑ 200 ሜትር ያህል የሆነው ይህ አደባባይ ተለክቶ ተከፈለ፤ በአውሮፓ ከመካከለኛው ዘመን ከተረፉት የከተማ አደባባዮች ትልቁ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ረጅም ሕንፃ የጨርቅ ነጋዴዎች ገበያ የነበረው ሱኪየኒፄ ሲሆን በ1555 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ የዛሬ መልኩን ይዟል። ምድር ቤቱ የቅርሳ ቅርስና የአምበር ጌጣጌጥ ሱቆች የሚደረደሩበት ነው፤ ፎቁ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፖላንድ ሥዕሎች የሚታዩበት የብሔራዊ ሙዚየም ክፍል በመሆኑ ሱቁን ዞሮ የሚወጣ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ይቀራል። ከአደባባዩ ሥር ደግሞ በ2010 የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ ቁፋሮው ያወጣቸውን የጥንት መንገዶችና የገበያ ቤቶች መሠረት በቦታቸው ያሳያል። ብቻውን የቆመው 70 ሜትር ማማ የማዘጋጃ ቤቱ ቅሪት ነው፤ ቀሪው ሕንፃ በ1820 ፈርሷል።

የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የመሠዊያ ቅርጽ ግን ለብቻው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከኑርንበርግ የመጣው ጠራቢ ቪት ስትቮሽ ከ1477 እስከ 1489 ከሊንደን እንጨት ያበጀው ሲሆን ቁመቱ 13 ሜትር ይደርሳል። መሀሉ ላይ እመቤታችን በሐዋርያት መካከል ስታርፍ ይታያል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያስተውል ሰው የሐዋርያቱ የእጅ ጅማት፣ የእርጅና መጨማደድና ያበጠ የጣት አንጓ ሳይቀር ተቀርጿል። ናዚዎች ነቅለው ወደ ጀርመን ወስደውት ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ተመልሷል። ሳንቃዎቹ በሥነ ሥርዓት የሚከፈቱት በአገሩ ሰዓት 11፡50፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ50 ላይ ስለሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ጎብኚ ትኬት ገዝቶ በጎን በር ይገባል፤ በዋናው በር የሚገባው ለጸሎት የመጣ ሰው ነው፤ ፎቶ ለማንሳት በጸሎተኛ በር መግባት ነውር መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

መለከቱ ለምን መሀል ላይ ይቋረጣል?

በየሰዓቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ረጅሙ ማማ ላይ ትንሽ መስኮት ተከፍቶ የመለከት አፍ ብቅ ይላል፤ አጭሯ ዜማ በአራቱም አቅጣጫ ተራ በተራ ከተነፋች በኋላ መደምደሚያ ሳይኖራት በድንገት ትቆማለች። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ በ1241 ጠላት መምጣቱን ለማሳወቅ መለከት ሲነፋ የነበረውን ዘብ የታታር (የሞንጎል) ቀስት ጉሮሮውን ስለወጋው ዜማው እርሱ ባቆመበት ይቆማል። ይሁን እንጂ የዛሬው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወረራ በኋላ የተሠራ መሆኑን፣ ልማዱም በከተማዋ መዝገብ የሚገኘው ከ1392 ጀምሮ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ታሪኩ ውብ ነው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው።

መለከተኞቹ የከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ ሌሊትም ቀንም በተራ ይጠብቃሉ። የቀትሩን ዜማ የፖላንድ ሬዲዮ ከ1927 ጀምሮ ለመላ አገሪቱ ያሰማል። ነፍተው ሲጨርሱ ታች ቆሞ እጁን ለሚያውለበልብ ሰው መልሰው እጃቸውን ስለሚያውለበልቡ ልጆች ይህንን በጣም ይወዱታል።

የቫቬል ትኬት ለምን ብዙ ዓይነት ሆነ? የትኛውን ልግዛ?

ወደ ኮረብታው መውጣትና በግቢው መዘዋወር በነጻ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም በመሆኑ ለየክፍሉ የተለያየ፣ የመግቢያ ሰዓት ያለው ትኬት ይሸጣል፤ ካቴድራሉ ደግሞ የቤተ ክህነት በመሆኑ የራሱ ትኬት ቢሮ አለው። ጊዜና ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ካቴድራሉ ይበልጣል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስለሚኖር ለጎብኚ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነው።

በካቴድራሉ በር ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ትልልቅ አጥንቶች ይታያሉ፤ ሕዝቡ የዘንዶ አጥንት ይላቸዋል፤ የወደቁ ዕለት የዓለም ፍጻሜ ነው ይባላል። እንደገቡ በስተቀኝ ያለው የቅዱስ መስቀል ጸሎት ቤት ግን ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን ልዩ ትርጉም አለው። ከሩስ ምድር በመጡ ሠዓሊዎች በ1470 የተሳለ ሲሆን ጣሪያውና ግድግዳው በሙሉ በምሥራቅ ክርስትና የአሣሣል ወግ የተሸፈነ ነው፤ በካቶሊክ ነገሥታት ካቴድራል መሀል የቆመ የኦርቶዶክስ ሥዕል ማለት ነው። ብዙ አስጎብኚ በጥድፊያ ያልፈዋልና ቆም ብሎ ማየት የጎብኚው ፈንታ ነው። በ1533 የተጠናቀቀው፣ ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠው የዚግሙንት ጸሎት ቤት የጣሊያናዊው የባርቶሎሜዮ ቤሬቺ ሥራ ነው።

በጠባቡ የእንጨት ደረጃ ወደ ማማው ሲወጡ በ1520 የተቀረጸውና ከ12 ቶን በላይ የሚመዝነው የዚግሙንት ደወል ይገኛል። የሚደወለው በታላላቅ በዓላትና አገር በሚያዝንበት ጊዜ ብቻ ሲሆን ለመደወል ደርዘን ያህል ጎልማሶች ገመድ ይጎትታሉ። የደወሉን ምላስ በግራ እጁ የነካ ምኞቱ ይሰምርለታል የሚል ልማድ ስላለ ሰዎች ተሰልፈው ይነኩታል።

የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል በክራኮው አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሊዮናርዶ በ1490 ገደማ በሚላን የሳላት፣ ኤርሚን የሚባል ነጭ ጠጉር ያለው ትንሽ አውሬ የታቀፈች ወጣት ሥዕል የሚገኘው በቻርቶሪስኪ ሙዚየም ነው። ናዚዎች ዘርፈውት የወረራው አስተዳዳሪ ሃንስ ፍራንክ ለራሱ አድርጎት ነበር። በ2016 የፖላንድ መንግሥት ሙሉውን ስብስብ ከባለቤቶቹ በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ የሕዝብ አደረገው፤ ሙዚየሙም በ2019 መጨረሻ ተጠግኖ ተከፍቷል። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ የሚቀመጥበት ክፍልም ጨለም ያለ ነው። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ስለሚዘጉ ለዚህ ጉብኝት ሌላ ቀን ይምረጡ።

ካዚሚየዥን ለማየት ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል? ምንስ ልይ?

ካዚሚየዥ ንጉሥ ካዚሚየዥ ታላቁ በ1335 እንደ ሌላ ከተማ የመሠረታት፣ አሁን የክራኮው ክፍል የሆነች ሰፈር ናት። በ1495 የክራኮው አይሁዶች ወደዚህ እንዲዛወሩ ከተደረገ በኋላ የአይሁድ ትምህርትና ሃይማኖት ታላቅ ማዕከል ሆነች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በክራኮው 60 ሺህ ያህል አይሁዶች ይኖሩ ነበር፤ የከተማዋ ሕዝብ ሩብ ማለት ነው። ከጦርነቱ የተረፉት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ ዛሬ ምኩራቦቹ ቆመው ሰጋጆቻቸው የሉም ማለት ይቻላል። ግማሽ ቀን ቢመድቡላት ጥሩ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት በሼሮካ መንገድ ያለው የሬሙ ምኩራብና መቃብሩ ነው። በ1572 ያረፉት ታላቁ ሊቅ ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ የተቀበሩት እዚያ ነው፤ በመቃብራቸው ላይ ተጓዦች የጸሎት ወረቀትና ትናንሽ ጠጠሮች ያኖራሉ። ከቅጥሩ አንዱ ወገን ናዚዎች የሰባበሯቸው የመቃብር ድንጋዮች ስብርባሪ ተለቅሞ የተገነባ በመሆኑ ጎብኚው ግማሽ ስም፣ ግማሽ ዓመተ ምሕረት፣ የተቆረጠ የአንበሳ ምስል ጎን ለጎን ያያል። ወንድ ራሱን ሸፍኖ ይገባል፤ በሰንበት ቅዳሜ ዝግ ነው።

በምሽት ሰፈሯ የሙዚቃና የምግብ ቤት ሰፈር ትሆናለች። በአይሁድ ምግብ ስም የሚነግዱት አንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች ከአይሁድ ባለቤትም ከአይሁድ ማእድ ቤት ሕግም የራቁ መሆናቸውን ማወቅ አይከፋም፤ ኮሸር ብቻ የሚበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

የሺንድለር ፋብሪካ ያለ ቅድሚያ ትኬት ይገባል?

አልፎ አልፎ ይሳካል፤ ነገር ግን በዕድል ባይተማመኑ ይሻላል፤ በሰው በሚበዛበት ወቅት ትኬቱ ከብዙ ቀን በፊት ያልቃል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያዝኑበትን ነገርም አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው፦ ሙዚየሙ ፋብሪካውን ወይም ወደ 1,200 አይሁዶችን ያተረፈውን ኦስካር ሺንድለርን ብቻ የሚያሳይ ሳይሆን ከ1939 እስከ 1945 በወረራ ሥር የነበረችውን ክራኮውን የሚተርክ ነው። ያንን አውቆ የገባ ሰው በጣም ይረካል።

ወደዚያ ሲሄዱ በመንገድ ላይ የጌቶ ጀግኖች አደባባይን ይመልከቱ። ጀርመኖች በመጋቢት 1941 አይሁዶቹን ከካዚሚየዥ አውጥተው በፖድጉዤ ጌቶ በሚባል የታጠረ ሰፈር ውስጥ አጎሯቸው፤ በመጋቢት 13 እና 14፣ 1943 ደግሞ ጌቶውን ዘጉት፤ ብዙዎቹ በዚያው ተገደሉ፤ ቀሪዎቹ ወደ ካምፕ ተነዱ። በአደባባዩ ላይ የተተከሉት ትልልቅ ባዶ የብረት ወንበሮች ከየቤቱ ተጎትተው የተጣሉትን የቤት ዕቃዎች ያስታውሳሉ። ጥግ ላይ ያለው ፋርማሲ በጌቶው ውስጥ እንዲሠራ የተፈቀደለት የካቶሊኩ ፖላንዳዊ የታዴዎሽ ፓንክየቪች ነበር፤ ለነዋሪዎቹ መድኃኒትና መሸሸጊያ የሰጠበት ቤት ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ነው። በልቮቭስካ መንገድ ከጌቶው ግንብ የቀረ ቁራጭ አለ፤ ጫፉ እንደ አይሁድ የመቃብር ድንጋይ እየተቆለመመ መሠራቱ የግንቡን አሠሪዎች ሐሳብ በግልጽ ይናገራል።

ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ? የአሳማ ሥጋ የማልበላስ?

በክራኮው የጾም ምግብ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ ብቻ የሚያቀርቡ ቤቶች በርካታ ናቸው። ፒየሮጊ ከሚባለው የታሸገ ሊጥ ውስጥ በጎመንና በእንጉዳይ የተሞላው ለጾም ይሆናል፤ «ሩስኪዬ» የሚባለው ግን ድንችና አይብ ነው። ጎመን የሞላውም ቢሆን ከላዩ ቅቤ ወይም የተጠበሰ የአሳማ ስብ ጣል ሊደረግበት ስለሚችል «ቤዝ ማስዋ» ማለትም ያለ ቅቤ፣ «ቤዝ ሚየንሳ» ማለትም ያለ ሥጋ ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። በየመንገዱ ጥግ በትንሽ ጋሪ የሚሸጠው ኦብቫዣኔክ የተባለ የተጠማዘዘ ቀለበት ዳቦ ከመጋገሩ በፊት በፈላ ውኃ ይነከራል፤ ሰሊጥ፣ ጨው ወይም የፖፒ ፍሬ ይነሰነስበታል፤ ለመንገድ ስንቅ ጥሩ ነው።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው «ቪየፕሾቪና» የሚለውን ቃል በምግብ ዝርዝሩ ላይ ይፈልግ። ዡሬክ የተባለው ሾርባ ከአጃ ዱቄት እንደ እንጀራ እርሾ ኮምጥጦ የሚሠራ በመሆኑ ለእኛ ሰው አፍ የሚስማማ ነው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቋሊማ ገብቶበት መምጣቱ ነው።

ጥቁር መሆኔ ችግር ያመጣብኛል?

አሮጌው ከተማና ካዚሚየዥ ከዓለም ዙሪያ በሚመጡ ጎብኚዎችና ተማሪዎች የተሞሉ ናቸው፤ አብዛኛው ጎብኚ ከትኩር እይታ ያለፈ ነገር ሳይገጥመው ይመለሳል። ሆኖም የሚሰድብ ወይም የሚተነኩስ ሰው አይኖርም ብሎ ዋስትና መስጠት አይቻልም፤ አጋጣሚው በብዛት ከምሽት መጠጥና ከእግር ኳስ ጋር ይያያዛል። ቪስዋ እና ክራኮቪያ የተባሉት የከተማዋ ሁለት ክለቦች ደጋፊዎች ጠላትነት የታወቀ ስለሆነ በጨዋታ ቀን ከስታዲየሞቹ አካባቢ መራቅ ብልህነት ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 112 ነው።

ከጀርመን በባቡር ወይም በአውቶቡስ የሚገቡ ሰዎች ፓስፖርታቸውንና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ዋናውን ይያዙ። ሸንገን ነው ተብሎ ቢታሰብም በቅርብ ዓመታት በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ጊዜያዊ ፍተሻ ይደረጋል፤ በስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም።

ቪየሊችካ የጨው ማዕድን ውስጥ ለመግባት ምን ያህል ደረጃ አለ? ጉልበቴን ያመኛል።

በተለመደው የጎብኚዎች መስመር በአጠቃላይ ወደ 800 የሚጠጉ ደረጃዎች አሉ፤ ግማሹ ያህል ገና መግቢያው ላይ በአንድ ጊዜ የሚወረድ ነው። መውጫው በሊፍት በመሆኑ መልሶ መውጣት የለም። ጉብኝቱ በአስጎብኚ የሚደረግ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅና 135 ሜትር ጥልቀት የሚደርስ ሲሆን በመሀል አቋርጦ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ከመግዛቱ በፊት ለአካል ጉዳተኞች የተመቻቸውን መስመር በቀጥታ ማዕድኑን ቢጠይቅ ይሻላል። በውስጡ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ በበጋም ሹራብ አይቀርም። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ያን ሁሉ ደረጃ የሚያስወርደው ከምድር በታች 101 ሜትር ላይ ያለው የቅድስት ኪንጋ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወለሉ፣ መሠዊያው፣ የግድግዳው ቅርጽና የጣሪያው መብራት ፍሬዎች በሙሉ ጨው ናቸው። ከ1896 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የጠረቡት ትምህርት ቤት የገቡ ቀራጮች ሳይሆኑ ራሳቸው የማዕድን ሠራተኞቹ ነበሩ። ላሊበላን ያየ ሰው ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አያስደንቀውም ብሎ የሚገምት ቢኖር ጨዉ ላይ የመብራቱ ብርሃን ሲያርፍ አይቶ ይፍረድ። ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስበታል።

ኦሽቪትዝንና ቪየሊችካን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? መግቢያውስ እንዴት ይያዛል?

የጉዞ ድርጅቶች ሁለቱን በአንድ ቀን ይሸጣሉ፤ በጊዜ ረገድ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። የቀድሞው ካምፕ ያለበት ኦሽፊየንቺም ከክራኮው 65 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምዕራብ ይገኛል። በዚያ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተገድለዋል፤ አንድ ሚሊዮን ያህሉ አይሁዶች ነበሩ። ከዚያ ወጥቶ በአውቶቡስ ውስጥ ሳንድዊች እየበሉ ወደ ጨው ማዕድን መሮጥ ሁለቱንም ቦታ ያሳጣል።

መግቢያው በመሠረቱ በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለአስጎብኚው ነው። ሆኖም በስም የተሞላ የመግቢያ ካርድ አስቀድሞ በመታሰቢያው ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ መያዝና በዕለቱ ማንነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ማቅረብ ያስፈልጋል። ቦታው ከሳምንታት በፊት ስለሚሞላ የአውሮፕላን ትኬት በተቆረጠ ማግሥት መያዝ ይገባል። ትልቅ ቦርሳ አይገባም። በክራኮው መንገድ ላይ «የነገ ቦታ አለን» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ያንን ቃል ሁልጊዜ እንደማያከብሩ ይወቁ። የጉብኝቱ ሁለተኛ ክፍል ቢርኬናው ሰፊ ሜዳ በመሆኑ ፀሐዩም ዝናቡም ያለ መጠለያ ይወርዳል።

ልጆቼን ወደ ኦሽቪትዝ ልውሰድ?

መታሰቢያው ራሱ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጉብኝቱን አይመክርም። በመስታወት ጀርባ የተቆለለውን የሰው ጠጉር፣ የሕፃናት ጫማና ስም የተጻፈባቸውን ሻንጣዎች አይቶ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የሰባት ዓመት ልጅ ለሚመልስለት ወላጅም ከባድ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ግን ቀድሞ ማንበብና መነጋገር ከተቻለ ጠቃሚ ነው፤ ከእስራኤል የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸው ተመርተው፣ አስቀድመው ተዘጋጅተው የሚጎበኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚሻለው ተራ መያዝ ነው። አንዱ ወላጅ ወደ ኦሽፊየንቺም ሲሄድ ሌላው ልጆቹን ይዞ በቫቬል ኮረብታ ሥር ወዳለው የዘንዶ ዋሻ ይውረድ። ከዋሻው ደጃፍ የቆመው የብረት ዘንዶ በየጥቂት ደቂቃው ከአፉ እውነተኛ እሳት ይተፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የወንዝ ዳር ሣር ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል። ማታ ሲገናኙ ከካምፑ የተመለሰው ሰው ወዲያው እንዲያወራ አለመጠየቅ ጥሩ ነው።